ዋና የምርት መርሐ ግብር

ዋና የምርት መርሐ ግብር አንድ ፋብሪካ የትኛውን ያለቀለት ምርት፣ በምን ያህል ብዛት፣ በየትኛው ሳምንት ሠርቶ እንደሚያወጣ የሚወስን ዕቅድ ነው። በፋብሪካዎችና በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛው ምኅጻር ኤም.ፒ.ኤስ. ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ ይዘጋጃል፤ በሠንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ሳምንት የሚጠበቀው ሽያጭ፣ የተቀበሉት ትዕዛዝ፣ የሚኖረው ክምችትና የሚመረተው ብዛት ይሰፍራሉ።

መርሐ ግብሩ ከሽያጭ ትንበያ ይለያል። ትንበያ ገበያው ምን ሊጠይቅ እንደሚችል ይገምታል፤ ዋናው መርሐ ግብር ግን ፋብሪካው ምን ለመሥራት እንደወሰነ ይናገራል። በዚህ ምክንያት በሽያጭ ክፍልና በምርት ክፍል መካከል እንደተደረገ ስምምነት ይቆጠራል። የምርት ክፍሉ የተባለውን ብዛት በተባለው ሳምንት ለማውጣት፣ የሽያጭ ክፍሉም ከዚያ በላይ ለደንበኛ ቃል ላለመግባት ይስማማሉ። ስምምነቱ ሲፈርስ ያልተፈለገ ዕቃ መጋዘን ይሞላል፤ የተፈለገው ዕቃ ደግሞ ይጠፋና ደንበኛ በቀጠሮ ይመላለሳል።

በዕቅዶች መካከል ያለው ቦታ

በማምረቻ ድርጅት ውስጥ ዕቅድ በተለያየ ደረጃ ይወጣል። ከላይ ያለው ጥቅል የምርት ዕቅድ ነው። ይህ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ወደፊት ያያል፤ የሚናገረውም ስለ ምርት ቤተሰቦች ነው። ለምሳሌ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል የቤት ዕቃ» ይላል እንጂ ወንበሩን ከጠረጴዛው አይለይም። የሠራተኛ ቅጥር፣ የፈረቃ ብዛትና የማሽን ግዥ የሚወሰኑት በዚህ ደረጃ ነው።

ዋናው የምርት መርሐ ግብር ይህን ጥቅል ዕቅድ ወደ ተለዩ ምርቶችና ወደ ሳምንታት ይከፋፍለዋል። ከእሱ ሥር የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ አለ፤ ይህም የተወሰነውን ምርት ለመሥራት ምን ዓይነት ጥሬ ዕቃና ክፍል፣ መቼ እንደሚያስፈልግ ያሰላል። ከሁሉም በታች ያለው የዕለት የሥራ ድልድል ነው፦ ዛሬ በየትኛው ማሽን ላይ ማን ምን ይሠራል የሚለው።

ይህን አደረጃጀት ለመረዳት ሁለት ዓይነት ፍላጎቶችን መለየት ያሻል። ደንበኛ ምን ያህል የተማሪ ዴስክ እንደሚገዛ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ይተነበያል። ይህ ነጻ ፍላጎት ይባላል። 150 ዴስክ እንዲሠራ ከተወሰነ በኋላ ግን የሚያስፈልገው ብረት ይሰላል እንጂ አይተነበይም። ይህ ደግሞ ተከታይ ፍላጎት ይባላል። ዋናው መርሐ ግብር የሁለቱ ድንበር ላይ ይቆማል፤ ከእሱ በላይ ግምት አለ፣ ከእሱ በታች ስሌት አለ።

ለማዘጋጀት የሚያስፈልጉ መረጃዎች

መርሐ ግብሩን ለማውጣት ቢያንስ የሚከተሉት መታወቅ አለባቸው።

- የመነሻ ክምችት፦ ዛሬ በመጋዘን ውስጥ በትክክል ያለው ያለቀለት ዕቃ ብዛት።
- የፍላጎት ትንበያ፦ በእያንዳንዱ ሳምንት ይሸጣል ተብሎ የሚገመተው።
- የተቀበሉት ትዕዛዞች፦ ደንበኛ ያረጋገጣቸውና የማስረከቢያ ቀን የተቆረጠላቸው።
- የአንድ ዙር መጠን፦ ማሽንና ሠራተኛ አንድ ጊዜ ከተዘጋጁ በኋላ በአንድ ዙር የሚመረተው ብዛት።
- መጠባበቂያ ክምችት፦ ትንበያ ሲሳሳት ወይም ምርት ሲዘገይ ክፍተት እንዲሞላ የሚቀመጥ ብዛት።
- የማምረት አቅም፦ በተለይ የማነቆው፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ሥራ የሚጨናነቅበት ማሽን ወይም የሥራ ክፍል አቅም።

የስሌት ምሳሌ

ለምሳሌ ያህል የተማሪ ዴስክ የሚሠራ አንድ ምናባዊ ድርጅት እንውሰድ። ትምህርት ቤቶች በመስከረም ስለሚከፈቱ ፍላጎቱ በሐምሌና በነሐሴ እየጨመረ ይሄዳል። ድርጅቱ በመጋዘኑ 80 ዴስክ አለው፤ በአንድ ዙር 150 ዴስክ ያመርታል። ስሌቱን ለማቅለል መጠባበቂያ ክምችት የለውም ብለን እንነሳ።

የስሌቱ ደንብ ለእያንዳንዱ ሳምንት እንዲህ ነው።

1. ካለፈው ሳምንት የተረፈው ክምችት ይወሰዳል።
2. ከትንበያውና ከተቀበሉት ትዕዛዞች የሚበልጠው ከዚህ ክምችት ላይ ይቀነሳል።
3. ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ በዚያ ሳምንት አንድ ዙር ምርት ይመደባል፤ ብዛቱም በውጤቱ ላይ ይደመራል።
4. የተገኘው ቁጥር ለሚቀጥለው ሳምንት መነሻ ይሆናል።

| ሳምንት | 1 | 2 | 3 | 4 | 5 | 6 | 7 | 8 |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ትንበያ | 50 | 50 | 60 | 80 | 100 | 120 | 120 | 70 |
| የተቀበሉት ትዕዛዝ | 65 | 45 | 30 | 40 | 10 | 0 | 0 | 0 |
| የሚመረት | 0 | 150 | 0 | 150 | 0 | 150 | 150 | 0 |
| የሚጠበቅ ቀሪ | 15 | 115 | 55 | 125 | 25 | 55 | 85 | 15 |

በሳምንት 1 ትዕዛዙ 65 ሆኖ ከትንበያው ስለሚበልጥ 65 ይቀነሳል፤ ከ80 ላይ 15 ይቀራል። በሳምንት 2 ከ15 ላይ 50 ሲቀነስ 35 ይጎድላል፤ ስለዚህ 150 ይመረትና 115 ይተርፋል። በዚሁ አካሄድ በስምንቱ ሳምንታት ውስጥ አራት ዙር ምርት፣ ማለትም 600 ዴስክ ይመደባል። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ 80 መነሻ ክምችት ሲደመር 600፣ ሲቀነስ ጠቅላላው ፍላጎት 665፣ ውጤቱ 15 ነው።

«የሚመረት» የሚለው ረድፍ ዋናው የምርት መርሐ ግብር ራሱ ነው። ሌሎቹ ረድፎች እሱ የተገኘበትን መንገድ ያሳያሉ።

ቃል ሊገባበት የሚችል መጠን

ከመርሐ ግብሩ ጥቅሞች ዋነኛው ለደንበኛ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ማስገኘቱ ነው። ለዚህም ቃል ሊገባበት የሚችል መጠን የሚባል ሌላ ረድፍ ይሰላል። ምርት በሚወጣበት በእያንዳንዱ ሳምንት፣ ከሚወጣው ብዛት ላይ ቀጣዩ ዙር እስከሚወጣ ድረስ መድረስ ያለባቸው ትዕዛዞች ይቀነሳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የመነሻ ክምችቱ እንደ ምርት ይታሰባል። በዚህ ስሌት ላይ ትንበያ አይገባም፤ ግምት ለማንም የተሰጠ ቃል ስላልሆነ ነው።

| ሳምንት | ስሌት | ቃል ሊገባበት የሚችል |
|---|---|---|
| 1 | 80 − 65 | 15 |
| 2 | 150 − (45 + 30) | 75 |
| 4 | 150 − (40 + 10) | 100 |
| 6 | 150 − 0 | 150 |
| 7 | 150 − 0 | 150 |

አሁን አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት 3 የሚረከበው 120 ዴስክ ፈለገ እንበል። እስካሁን ባሉት ትዕዛዞች ብቻ ከታየ በሳምንት 2 መጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ 120 ዴስክ ይቆማል፤ 80 ሲደመር 150፣ ሲቀነስ 65 እና 45። መጋዘኑን ብቻ የሚያይ ሻጭ «አለን» ብሎ ይፈራረማል። ከእነዚህ ውስጥ ግን 30ዎቹ በሳምንት 3 ለሚረከብ ሌላ ደንበኛ የተሰጡ ናቸው። እስከ ሳምንት 3 ድረስ ነጻ የሆነው 15 ሲደመር 75፣ ማለትም 90 ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ «90ውን በሳምንት 3፣ የቀረውን 30 በሳምንት 4» የሚል ነው። ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቆሞ መታየቱ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ትምህርት ቤቱ 80 ዴስክ ቢያዝ ኖሮ ሙሉውን በሳምንት 3 መቀበል ይቻል ነበር። ያም ቢሆን የኋላውን ሳምንታት ይነካል። የሳምንት 3 ትዕዛዝ ከ30 ወደ 110 ከፍ ሲል ከትንበያው ይበልጣል፤ የሳምንት 3 ቀሪም ከ55 ወደ 5 ይወርዳል። ስሌቱ እንደገና ሲሠራ ምርት የሚወጣባቸው ሳምንታት 2፣ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ይሆናሉ። ማለትም በሳምንት 6 የነበረው ዙር ወደ ሳምንት 5፣ በሳምንት 7 የነበረውም እዚያው ሲቀር በሳምንት 8 አንድ ዙር ይጨመራል። አንድ ትዕዛዝ መቀበል ማለት ከዚያ በኋላ ያለውን ሠንጠረዥ በሙሉ እንደገና ማየት ማለት ነው።

የአቅም ፍተሻ

ከላይ ያለው ስሌት ፋብሪካው የተባለውን ሁሉ መሥራት ይችላል ብሎ ይነሳል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ከመጽደቁ በፊት በግርድፉም ቢሆን ከአቅም ጋር ይመዘናል። ሁሉንም ማሽን መፈተሽ አያስፈልግም፤ ማነቆውን ማየት ይበቃል።

በምሳሌው ድርጅት ማነቆው ብየዳ ነው እንበል። ሦስት በያጆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራሉ፤ በድምሩ 120 ሰዓት ይሆናል። አንድ ዴስክ አንድ የብየዳ ሰዓት ቢፈልግ አንድ ዙር 150 ሰዓት ይፈጃል፤ በአንድ ሳምንት አያልቅም ማለት ነው። በሳምንት 2 እና በሳምንት 4 የሚጎድለው 30 ሰዓት ከፊታቸው ባሉት ባዶ ሳምንታት፣ በ1 እና በ3፣ ሊሸፈን ይችላል። በሳምንት 6 እና 7 ግን ሁለት ዙር ስለሚከታተል 300 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ያለው 240 ነው። የጎደለው 60 ሰዓት በሳምንት 5 መሠራት አለበት።

ሠንጠረዡ ላይ ሳምንት 5 ባዶ ሆኖ ይታያል። የአቅም ፍተሻ ያላደረገ ኃላፊ በዚያ ሳምንት ለበያጆች ፈቃድ ቢሰጥ ስሕተቱ የሚታወቀው በሳምንት 7 ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማስተካከያ የለውም። ዕቃን ማከማቸት ይቻላል፤ ያለፈ ባዶ ሰዓት ግን አይከማችም። የምርት ዕቅድ ወደፊት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

አቅም ካልበቃ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው፦ ቀድሞ መጀመር፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ተጨማሪ ፈረቃ፣ ከፊሉን ለሌላ ወርክሾፕ መስጠት፣ ወይም ለደንበኛ የኋላ ቀን መንገር። አምስቱም ወጪ አላቸው። የመጨረሻው እንኳ አስቀድሞ ሲነገርና ቀኑ ከደረሰ በኋላ ሲነገር ዋጋው አንድ አይደለም።

ወደ ግብዓት የሚደረግ ዝርዝር

መርሐ ግብሩ ከጸደቀ በኋላ እያንዳንዱ ምርት በግብዓት ዝርዝሩ መሠረት ይበተናል። ለአንድ ዴስክ 9 ሜትር ቱቦላሬ፣ ግማሽ ገበታ ቺፕውድና 16 ብሎን ያስፈልጋል ብንል፣ አንድ ዙር 1350 ሜትር ቱቦላሬ ይፈልጋል። ቱቦላሬው ባለ 6 ሜትር ቢሆን 225 ዘንግ ነው። በተጨማሪ 75 ገበታ ቺፕውድና 2400 ብሎን ይሆናል። በመጋዘን 40 ዘንግ ካለ የሚገዛው 185 ነው።

ቀጥሎ የመጠበቂያ ጊዜ ይታሰባል፤ ይህም ዕቃው ከታዘዘበት እስከሚደርስበት ያለው ጊዜ ነው። ቱቦላሬ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነና የሳምንት 6 ዙር ብየዳ በሳምንት 5 የሚጀመር ከሆነ፣ ግዥው በሳምንት 2 መጀመሪያ ላይ መታዘዝ አለበት። ቀደም ብሎ የታየው የ80 ዴስክ ትዕዛዝ ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ ይህ ዙር በሳምንት 5 ማለቅ ስላለበት፣ በአቅም ፍተሻው መሠረት ብየዳው በሳምንት 4 ይጀመራል፤ ቱቦላሬውም ዛሬውኑ፣ በሳምንት 1 መጀመሪያ፣ መታዘዝ ይኖርበታል። በሽያጭ ቢሮ የተወሰነ ውሳኔ በዚያው ቀን የግዥ ክፍሉን ሥራ የሚለውጠው እንዲህ ነው።

የጊዜ አጥር

መርሐ ግብር በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ መርሐ ግብርነቱ ይቀራል። ከላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ይሄዳል፦ የአንድ ዙር ወደፊት መምጣት የብረት፣ የቺፕውድ፣ የቀለምና የብሎን ግዥን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። በሌላ በኩል ፈጽሞ የማይለወጥ ዕቅድ ገበያውን አያገለግልም። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው የጊዜ አጥር ነው። መጪው ጊዜ በሦስት ክልል ይከፈላል።

- የታሰረ ክልል፦ ከፊት ያሉት ቅርብ ሳምንታት ናቸው፤ በምሳሌው 1 እና 2። ጥሬ ዕቃው ገብቷል፣ ሥራው ተጀምሯል። ለውጥ የሚፈቀደው በድርጅቱ የበላይ ኃላፊ ብቻ ነው።
- በስምምነት የሚለወጥ ክልል፦ ለምሳሌ ከሳምንት 3 እስከ 5። ግብዓትና አቅም መኖሩ ተረጋግጦ ሽያጭና ምርት ሲስማሙ ይለወጣል።
- ክፍት ክልል፦ ከዚያ በኋላ ያለው። የመርሐ ግብር ባለሙያው ወይም ፕሮግራሙ ራሱ እንደ ትንበያው ያስተካክለዋል።

አጥሩ የት እንደሚተከል የሚወስነው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ግብዓቱ በሦስት ቀን የሚገኝ ዳቦ ቤትና ግብዓቱ ከውጭ አገር የሚመጣ ፋብሪካ አንድ ዓይነት አጥር ሊኖራቸው አይችልም።

እንደ ምርቱ ዓይነት ያለው ልዩነት

ለመጋዘን የሚያመርቱ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ የሳሙናና የፓስታ ፋብሪካዎች፣ መርሐ ግብራቸውን የሚያወጡት በያለቀለት ምርት ነው። በትዕዛዝ ብቻ የሚሠሩ ደግሞ፣ ለምሳሌ ትላልቅ ማሽኖችን ወይም ልዩ የብረት በሮችን የሚሠሩ፣ መርሐ ግብራቸው በደንበኛ ትዕዛዝ ቁጥር የተሞላ ነው፤ ትንበያ የሚጠቀሙት ለጥሬ ዕቃና ለአቅም ነው።

በሁለቱ መካከል ክፍሎችን አስቀድመው ሠርተው በትዕዛዝ የሚገጣጥሙ አሉ። አንድ መኪና በ4 ዓይነት ሞተር፣ በ3 ዓይነት ማርሽ፣ በ10 ቀለምና በ20 ዓይነት የውስጥ ዕቃ ጥምረት የሚሸጥ ቢሆን 4 × 3 × 10 × 20፣ ማለትም 2400 የተለያዩ መኪኖች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ትንበያ ማውጣት ዋጋ ቢስ ነው። መርሐ ግብሩ በክፍሎች ደረጃ ከወጣ ግን 4 + 3 + 10 + 20፣ ማለትም 37 ነገሮችን ብቻ መከታተል ይበቃል። ዋናው መርሐ ግብር የዕቃው ዓይነት በሚያንስበት ቦታ ይወጣል የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው።

ታሪክ

ከኮምፒውተር በፊት የምርት ዕቅድ በወረቀትና በግድግዳ ሰሌዳ ይመራ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው፣ ሥራን በጊዜ መስመር ላይ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፎርድ ሀሪስ በ1913 እ.ኤ.አ. በአንድ ዙር ምን ያህል ቢመረት ወጪው እንደሚያንስ የሚያሰላ ቀመር አቀረበ። በዚያ ዘመን የተለመደው የግዥ ዘዴ ክምችቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ እንደገና ማዘዝ ነበር። ዘዴው ያለፈውን ያያል እንጂ የሚመጣውን አያይም።

ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ ይህ ተለወጠ። ቼኮዝሎቫኪያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1960ዎቹ የግብዓት ፍላጎት ዕቅድን ሥርዓት ካዳበሩት ዋነኛው ነው፤ የመሣሪያ አምራቹ ብላክ ኤንድ ዴከር ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። የኦርሊኪ መጽሐፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1957 የተመሠረተው የአሜሪካ የምርትና የክምችት ቁጥጥር ማኅበርም ዘዴውን በ1970ዎቹ በሰፊው አስተማረ።

በዚያ ጊዜ ሥርዓቱን የገዙ ብዙ ድርጅቶች ያሰቡትን ውጤት አላገኙም። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ፕሮግራሙ ሳይሆን ከላይ የሚገባው መርሐ ግብር ነበር፤ ፋብሪካው ሊሠራ ከሚችለው በላይ ተጭኖበት ይገባል። ኮምፒውተሩም የማይሠራውን ምርት ግብዓት በትክክል አስልቶ ያዝዛል። ከዚህ በኋላ አቅምን፣ ሽያጭንና ገንዘብን አብሮ የሚያይ ሰፊ ሥርዓት በኦሊቨር ዋይትና በሌሎች ተስፋፋ። በ1990 እ.ኤ.አ. ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት የድርጅት ሀብት ዕቅድ የሚለውን ስም አወጣ፤ ዛሬ ኢ.አር.ፒ. በሚባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ዋናው የምርት መርሐ ግብር አንድ ክፍል ሆኖ ይገኛል።

በጃፓን ቶዮታ ሌላ መንገድ ተከተለ። ከታይቺ ኦኖ ስም ጋር በተያያዘው የቶዮታ የአመራረት ሥርዓት የዕለት ሥራ የሚመራው በካርድ ነው፤ ቀጣዩ የሥራ ክፍል ሲፈልግ ብቻ ያለፈው ይሠራል። ይህ ማለት ግን መርሐ ግብር የለም ማለት አይደለም። ካርዱ እንዲሠራ የመጨረሻው የመገጣጠሚያ መስመር በየቀኑ ተቀራራቢ ብዛትና ዓይነት እንዲያወጣ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ ይህም ሄይጁንካ ይባላል። 150 በአንድ ሳምንት፣ ዜሮ በሌላው ከማውጣት ይልቅ 75፣ 75 ማውጣትን ይመርጣል። ለዚህም ማሽንን ከአንድ ምርት ወደ ሌላ የማዘጋጃው ጊዜ አጭር መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የመርሐ ግብሩ ስሌት ያው ቢሆንም የሚገቡበት መረጃዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

የመጀመሪያው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝበትን፣ ኤልሲ የሚከፍትበትን፣ ጭነቱ በባሕር መጥቶ በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍበትንና ጉምሩክ የሚጨርስበትን ጊዜ ሁሉ ይደምራል። ችግሩ ጊዜው ረጅም መሆኑ ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጭ መሆኑ ነው። ርዝመቱ የታወቀ መዘግየት በዕቅድ ይያዛል፤ የሚዋዥቅ መዘግየት ግን መጠባበቂያ ክምችት ያስጨምራል፤ ይህም ገንዘብ ያስራል።

ሁለተኛው የጾምና የበዓል አቆጣጠር ነው። በጾም ወቅት የወተትና የሥጋ ፍላጎት ይወርዳል፤ በበዓል ዋዜማ ይጨምራል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚጀመርበት ቀን በየዓመቱ ይለያያል፤ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከየካቲት 1 በፊት፣ ከመጋቢት 5 በኋላ አይጀምርም። ይህ የአምስት ሳምንት ገደማ ልዩነት ነው። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት በዚህ ሳምንት የተሸጠው» የሚለውን ይዞ የሚተነብይ ፕሮግራም ለወተት ማቀነባበሪያ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ትንበያው መያያዝ ያለበት ከጾሙ መግቢያ ጋር ነው። ወተት ስለማይቆይም በጾም የሚተርፈውን ወደ ቅቤና አይብ የመለወጥ አቅም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ይካተታል።

ሦስተኛው መርሐ ግብሩ ከገበያ ሳይሆን ከማሳ የሚነሳባቸው ፋብሪካዎች ናቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. በወንጂ ከተጀመረው ጊዜ አንሥቶ የስኳር ኢንዱስትሪው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የተቆረጠ አገዳ ሲቆይ ስኳሩን ስለሚያጣ አይከማችም፤ ስለዚህ የቆረጣ፣ የማጓጓዝና የመፍጨት አቅም በአንድ መርሐ ግብር ይጣመራሉ። የክረምቱ ዝናብ ቆረጣን ሲያቋርጥ ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል።

በኮምፒውተር ሲሠራ

ለአንድ ምርት ከላይ ያለውን ስሌት በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል። ለኢትዮጵያ የሚዘጋጅ ሥርዓት ጊዜን በወር ሳይሆን በሳምንት ቢከፍል ይሻላል፤ ባለ 5 ወይም 6 ቀኗ ጳጉሜን ከሌሎቹ ወሮች ጋር ስትነጻጸር ምርቱ በድንገት የወደቀ ያስመስላል።

የአንድ ዙር መጠንን በተመለከተ፣ የአቅም ገደብ ለሌለው አንድ ምርት ሃርቪ ዋግነርና ቶምሰን ዊቲን በ1958 እ.ኤ.አ. ወጪው ከሁሉ የሚያንሰውን ዕቅድ የሚያገኝ ዘዴ አሳይተዋል። የአቅም ገደብ ሲጨመርና ብዙ ምርቶች አንድን ማሽን ሲጋሩ ግን ችግሩ በኮምፒውተር ሳይንስ ከባድ ከሚባሉት ምድብ ይገባል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ «በቂ ጥሩ» የሆነ መልስ ይፈልጋሉ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የመርሐ ግብር ባለሙያው ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

ከሁሉ የከፋው ከአቅም በላይ መጫን ነው። 120 ሰዓት ባለው ክፍል ላይ 150 ሰዓት ሥራ ሲጻፍ ተጨማሪ ዴስክ አይገኝም። የሚገኘው የትኛው ትዕዛዝ እንደሚዘገይ የማይታወቅበት ሁኔታ ነው፤ ምርጫው ከዕቅድ ባለሙያው ወጥቶ በወርክሾፑ ውስጥ ጮኾ ለሚናገረው ይተላለፋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ የክምችት መዝገብ ነው። መዝገቡ 80 እያለ መጋዘኑ 50 ብቻ ቢኖረው ስሌቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን በሳምንት 1 የ65 ዴስክ ትዕዛዝ አይሟላም። ሦስተኛው ያለፈ ቀን የያዘ ዕቅድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳይሠራ የቀረ ዙር አዲስ ሳምንት ካልተሰጠው ፕሮግራሙ ግብዓቱን «ትናንት» ያዝዛል፤ በዚህም ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይሆናል፣ የእውነት አስቸኳይ የሆነው ግን አይለይም። አራተኛው የተደበቀ መጠባበቂያ ነው። ሽያጭ ትንበያውን፣ ዕቅድ ምርቱን፣ ግዥ ደግሞ ግብዓቱን «ለማንኛውም» እያሉ በየፊናቸው ሲጨምሩ የተጋነነው ቁጥር በክምችትና በታሰረ ገንዘብ ይታያል።

በዚህ ምክንያት መርሐ ግብር የሚለካው በጠቅላላ በተመረተው ብዛት አይደለም። ከታቀዱት ዙሮች ስንቱ የተባለው ምርት ሆነው፣ በተባለው ብዛት፣ በተባለው ሳምንት ወጡ የሚለው ነው መለኪያው። በወሩ 600 ዕቃ አምርቶ የታዘዘውን ሳይሆን ለመሥራት የቀለለውን ያወጣ ፋብሪካ በዚህ መለኪያ ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል።